ቅቤ የማይጠጣው ቦርሳ

ያረፈችው ታላቅ እህቴ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ትሰበስብ ነበር። ጂንካ ገበያ ቦርሳ ስታነሳ መጀመሪያ ታሸተዋለች፣ ከዚያ በጥፍሯ ትጭረዋለች።

ነጋዴው "እትዬ፣ ትገዢዋለሽ ወይስ ትበዪዋለሽ?" ሲላት፣ "ላስቲክማ አልበላም!" ትለው ነበር።

ቤት ስትገባ የሐመር ሴቶች የቆዳ ልብሳቸውን እንደሚቀቡት ቅቤ ትቀባዋለች። እውነተኛ ቆዳ ቅቤውን ይጠጣል።

አንድ ጊዜ እኔም ገዝቼ ሰጠኋት። አሸተተችው፤ በጥፍሯ ግን አልጫረችውም።

"ቆዳ ነው፣ የኔ ጌታ" አለችኝ።

ከቀብሯ በኋላ ዘመዶቻችን ዕቃዋን ለችግረኞች ሊሰጡ ሲያወጡ የኔን ቦርሳ አየሁት። እንደ ሌሎቹ ቀብታዋለች። ቅቤው ግን አልገባም፤ ላዩ ላይ አቧራ ይዞ ደርቋል።

"ይሄን አትስጡብኝ" አልኳቸው።

አሁን ግድግዳዋ ላይ ቦርሳዎቿ ይሰቀሉባቸው የነበሩት ሚስማሮች ባዶ ናቸው። የተሰቀለው እሱ ብቻ ነው።