ባለነፋሱና የገዛ ግድግዳው

ሰፈሩ ሁሉ ባለነፋሱ ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በሰው ጓሮና በፎቅ ጣሪያ ላይ በነፋስ መብራት የሚያመነጭ ትንንሽ ተርባይን ሲተክል የኖረ ሰው ነውና ሌላ ስም አልተረፈለትም። ሚስቱም ስትናደድበት «ነፋስ ያገባች ሴት ባሏን ቤት ውስጥ አትፈልግ» ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል።

በሥራው አንድ የማያጥፈው ሕግ ነበረው። ሰው በሚተኛበት ቤት ግድግዳ ላይ ምሰሶ አያስርም። ቤት ከበሮ ነው፣ ከበሮ ውስጥ ደግሞ ማንም አይተኛም ይላል። ምሰሶው ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ መሠረቱ ተቆፍሮለት፣ በሽቦ ገመድ ተወጥሮ ለብቻው መቆም አለበት። ቦታ የለኝም፣ እዚሁ ግድግዳዬ ላይ ምታልኝ የሚል ሰው ከገጠመው መፍቻዎቹን ወደ ቦርሳው መልሶ ደህና ዋል ብሎት ይሄዳል። በዚህ ግትርነቱ ስንት ሥራ እንዳመለጠው ሚስቱ ታውቃለች።

ሌላም ልማድ ነበረው። ማሽኑን ተክሎ ሲጨርስ የካቻቢቴውን ጫፍ ክንፎቹ የሚሽከረከሩበት ኩሽኔታ ባለበት ብረት ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ ባለው አጥንት ላይ ያስደግፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ዕድሜውን ሙሉ ኮንክሪት ሲበሳ ኖሮ ጆሮው ደክሟል፤ ጮክ ካላሉለት አይሰማም። አጥንቴ ግን አይዋሸኝም ይል ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንድ ክረምት የያዛት ሳል ሳይለቃት ከረመና ሳንባዋን በላው። ሐኪሙ አየር የሚያጠራ የትንፋሽ ማሽን ቤት ውስጥ ይኑራት አለ። ማሽኑ ተገኘ፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው መብራት ግን አንዳንዴ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ አራት ቀን ይጠፋል። ጎረቤቶቹ ፊቱ ላይ ባይሉትም ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ማለታቸው አልቀረም። የስንቱን ቤት ያበራ ሰው የራሱ ሚስት በጨለማ ውስጥ አየር አጥሯት ትታገላለች።

ጓሮው ሁለት እርምጃ ነው። ከኋላው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ቆሞ ነፋሱን ከልሎታል። ምሰሶ ቢያቆም ነፋስ አያገኝም፤ ገመድ የሚወጠርበትም ቦታ የለም። ነፋስ የሚገኘው ከጣሪያው ጫፍ በላይ ብቻ ነበር። ሦስት ቀን ግቢው ውስጥ ሽቅብ እያየ ዋለ። በአራተኛው ቀን መሰላሉን አቁሞ ምሰሶውን ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጋር በስድስት ቡሎን አሰረው። በየቡሎኑ ሥር ወፍራም የጎማ ንጣፍ አደረገበት። ሲጨርስ እንደ ልማዱ ካቻቢቴውን ኩሽኔታው ላይ አስደግፎ አዳመጠ፤ እንደ ዘይት የለሰለሰ ነበር። ወርዶ ሚስቱን ድምፁ ያስቸግርሽ ይሆን አላት። ምንም አይል፣ እጅህ ይባረክ አለችው። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

መብራቱ ሲጠፋ የትንፋሽ ማሽኑ መሥራቱን አላቋረጠም። እሷ ግን እየባሰባት ሄደ። ዓይኗ ሥር ጠቆረ፤ ወሬ ጀምራ መሐል ላይ ታንቀላፋለች፤ የተጠየቀችውን ትረሳለች። ቀን ቀን ከቤቱ ተነጥሎ በተሠራው ማድ ቤት፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግታ፣ የማሽኑን ቱቦ እስከዚያ ጎትታ ትጋደማለች። ለምን ሲላት እዚያ ይሞቀኛል ትለዋለች። እሱም በሽታው ነው ብሎ ያልፈዋል። ጠዋት ጠዋት ጣሪያው ላይ ወጥቶ ክንፎቹን ይወለውላል፤ ኩሽኔታውን ዘይት ያጠጣል። ሌላ የሚያደርግላት ነገር አልታየውም።

በስድስተኛው ወር ከሌላ ከተማ ልጃቸው መጣች። ሕፃን ሳለች የአባቷን ቡሎን በኪሷ ተሸክማ ከሥራ ሥራ ስትከተለው ያደገች ናት። መንገዱ አድክሟት ስለነበር ከምሳ በኋላ እናቷ አልጋ ላይ ጋደም አለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተነሥታ አባቷ ወዳለበት ግቢ ወጣች።

«አባዬ፣ እማዬ እዚያ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው?»

«ታዲያ የት ትተኛለች?»

«ና እስቲ።»

ከደረት ኪሱ ካቻቢቴውን መዘዘችና እጁን ይዛ አስገባችው። አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ጫፉን ከትራሱ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ አስደገፈችለት። መጀመሪያ ምን ልታሳየው እንደፈለገች አልገባውም። ከዚያ ሰማው። ታሞ የተኛ ሰው አፉን ሳይከፍት እንደሚያቃስተው ያለ ወፍራም ድምፅ ነበር። ውጭ ነፋሱ ሲበረታ ይበረታል፤ ነፋሱ ሲለዝብ ይለዝባል እንጂ አይቆምም። ባለነፋሱ ማሽኑን አዳምጦ ነበር። ቤቱን አላዳመጠም።

ተነሥቶ ወደ ማድ ቤቱ ሄደ። በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። ፊቱን ስታይ ማወቁን አወቀች።

«ከተከልከው ቀን ጀምሮ» አለችው።

«ስድስት ወር ሙሉ? እና ምነው አልነገርሽኝም?»

ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቃት።

«አንተ ሰው፣ መብራት ለሰው ስትሸከም ሃያ ሁለት ዓመት አይቼሃለሁ። ለእኔ ስትሸከም ያየሁህ ያን ቀን ነው። ምን ልበልህ? አውርደው ልበልህ?» ልጅቱ ከኋላው ስታለቅስ አይታ እናትየው ፈገግ አለች። «ደግሞስ ያንተን ማንኮራፋት ሠላሳ ዓመት የቻልኩ ሴት ለዚህ እሰንፋለሁ?»

ልጅቱ እያለቀሰች ሳቀች። እሱ አልሳቀም። መሰላሉን አቁሞ ወጣ፤ ስድስቱንም ቡሎን በዚያው ከሰዓት ፈታቸው። ልጅቱ ከታች ሆና፣ ተው፣ መብራት ሲጠፋ እማዬ ምን ልትሆን ነው እያለች ትለምነዋለች። አልሰማትም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰፈሩ በሙሉ አይቷል። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እሱ ራሱ የተከለው ተርባይን አለ። ርዕሰ መምህርቷን አስፈቅዶ ሁለት ትልልቅ ባትሪ ገዛ። መብራት በጠፋ ቁጥር ባዶውን በእጅ ጋሪ ገፍቶ ይወስዳል፤ የተሞላውን ገፍቶ ያመጣል። ዳገት ነው። ተማሪዎቹ «ባለነፋሱ ባለጋሪ ሆነ» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩን ሲሰሙ ከኋላ ሆነው ይገፉለት ጀመር።

ማሽኑ በወረደ ማግስት ሚስቱ ከጠዋት እስከ ማታ ተኛች። እሱ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጦ ሲጠብቅ ዋለ። የመጣውን ሰው ሁሉ ጣቱን አፉ ላይ እያደረገ መለሰ። ስትነቃ ርቦኛል አለች፤ ከወራት ወዲህ እንዲህ ብላ አታውቅም ነበር። እንቅልፍ ያገኘው ፊቷ ወደ ልጅነቷ ሲመለስ አየ። ስድስት ወር ሙሉ ከእሷ የነጠቀው ይህን እንደነበር አየ።

አምስት ሳምንት እንዲህ ኖረች። አንድ ጠዋት በእንቅልፏ ሄደች። ሐኪሙ ሳንባዋ ቀድሞውንም አልቆ ነበር፣ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም አለው። ሐኪሙ እውነቱን ነው። ባለነፋሱም ሕይወቷን ወሰድኩ አይልም። የወሰደውን ያውቀዋል። የመጨረሻ ወራቷን እንቅልፍ ነው።

ሐዘኑ ሲበርድ ጎረቤቶቹ ማሽኑን መልሶ እንዲሰቅለው መከሩት፤ አንተ እንደሆንክ አትሰማው አሉት። ክፋት አልነበራቸውም። እሱ ግን ማሽኑን ለትምህርት ቤቱ ሰጠው።

ዛሬም ይሠራል። ብቻ ሥራው ላይ አንድ ነገር ጨምሯል። ምሰሶውን ከቤት አርቆ ከተከለ በኋላም እንኳ ማሽኑን ያስነሣና የቤቲቱን እመቤት አልጋዋ ላይ ጋደም እንድትል ይለምናታል። ባልየውን ከግቢ ያስወጣዋል። ባሎች ይቆጣሉ፤ ቤቱ የማን ነው፣ ከፋዩስ ማን ነው የሚሉ አሉ። ደንበኞቹ ሰውየው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነካ አድርጎታል ይላሉ።

እሱ የአልጋው ግርጌ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

«ልጄ፣ ባልሽ ወጥቷል። እኔም ከባድ ሥራ ነው ብዬ አልቀየምሽም፤ ነቅዬ እንደገና እተክለዋለሁ። ምን ይሰማሻል?»

አብዛኞቹ ወዲያው ምንም አይልም ይሉታል። እሱ አይነሣም። መፍቻውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሁለተኛውን መልስ ይጠብቃል።