የወንድሜ ምርጫና የእማዬ ስለት

ወንድሜ ስዊድን ውስጥ ለሚኖርበት ከተማ ምክር ቤት ሲወዳደር እማዬ እዚህ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆና ተሳለች። ከተመረጠ ለመልአኩ ንግሥ የከፋይ ጃንጥላ ይዞ ይመጣል፤ ስሙም በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። ተመረጠ፤ ፈቃድ ወስዶም መጣ። ስለ ጃንጥላው ግን የሰማው ቦሌ ተቀብለነው መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወሬውን ወደ መንገዱ መጨናነቅ ለወጠው።

ቤት ገብቶ ምሳ ከበላ በኋላ ተነፈሰው።

"እማዬ፣ ጃንጥላውን አንቺ ስጪልኝ። እኔ እዚያ ካሜራ ፊት አልቆምም።"

"ምን ሆነህ?"

ንግሡ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል፤ ስዊድን ያለው ሐበሻ ሁሉ ያየዋል፤ አንዱ ቆርጦ ለጋዜጠኛ ከላከው አለቀልኝ አለ። እዚያ አገር ፖለቲከኛ ስለ እምነቱ አደባባይ ላይ ማውራቱ ስለ መኝታ ቤቱ እንደማውራት ነው። የሚከለክለው የለም፤ ግን ሰው ያፍርበታል። "ያስመረጠው መልአክ ነው ብለው መሳቂያ ያደርጉኛል። ፓርቲዬም ለሚቀጥለው ዙር አያቀርበኝም።"

እማዬ አልገባትም። እንዴትስ ይግባት? በዚያው ሳምንት አንድ ሹም ለሚ ኩራ ውስጥ አስፋልት ሲመርቅ በቴሌቪዥን አይታለች። በእግዚአብሔር ጀምሮ በእግዚአብሔር ነው የጨረሰው። የአሜሪካኖቹም አገራችንን ይባርክልን ሳይሉ ከመድረክ እንደማይወርዱ ታውቃለች።

"የአሜሪካው ፈረንጅ ከሚለው የስዊድኑን ፈረንጅ ምን ያግደዋል?" አለችው።

"ፈረንጅ ሁሉ አንድ አይደለማ!"

"እዚህም እኮ እንዲህ የነበረበት ጊዜ አለ። በደርግ ጊዜ አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚሳለመው። ካድሬ ፈርቶ። አንተን ደግሞ የማን ካድሬ ያዘህ?"

ሁለቱም አናደዱኝ። እሱን፣ "ስትወዳደር በየቀኑ እየደወልክ ጸልዩልኝ ስትል አልነበር? ያኔ ካሜራ ስለሌለ ነው አይደል!" አልኩት። እሷን ደግሞ፣ "አንቺስ ሳትጠይቂው በሰው ስም ትሳያለሽ?" አልኳት። ኧረ ማን ሰምቶኝ!

ስማቸው እንዳይጠራ የፈለጉ ምእመን ተብሎ ይነበብ አልኩ። እማዬ አሻፈረኝ አለች።

"ስሙ ይጠራል ብዬ ነው የተሳልኩት። መልአኩን ላታልል ነው?"

"ስሜ ከተጠራ ነገውኑ እመለሳለሁ" አለ እሱ። ቀልዱን አልነበረም። ፊቱን አውቀዋለሁ።

ያን ሰሞን ሥራ ስውል ሐሳቤ እዚያው ነበር። ቢሮዬ ኦሎምፒያ ነው፤ የባለሥልጣን ንግግር ከቢሯችን ቴሌቪዥን አይጠፋም። እዚህ የእግዚአብሔርን ስም ከአፉ የማይለይ ሹም ሁሉ አማኝ አይደለም። እዚያ የማያነሳውም ሁሉ ከሃዲ አይደለም። ይሄንን ለማወቅ ስዊድን መሄድ አያስፈልግም። የገዛ ወንድሜ ግን ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ደፍሬም አልጠየቅኩትም።

የንግሡ ዕለት እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላውን ራሷ ታቅፋ ተነሳች። "አታስብ፣ ማንም አያውቅህም" አለችው። እንዴት ብንላት ቀድማን ወጣች።

እኔና እሱ ካሜራው የማይደርስበት አጥር ሥር፣ ጥድ ጥላ ውስጥ ቆምን። እማዬ ሕዝቡ ውስጥ ገብታ ከዓይናችን ጠፋች። ከፊት የወረዳ ሹሞች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ካሜራው ወደ እነሱ ሲዞር ቀና ቀና ይላሉ። ወንድሜ እያያቸው፣ "እነዚህ እኛ ጋ ቢወዳደሩ አንድ ድምፅ አያገኙም" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ስለት አንባቢው ጀመረ። ምንጣፍ፣ ጧፍ፣ መጋረጃ። ቀጥሎ አንዲት እናት ልጃቸው ለወግ ለማዕረግ ስለበቃላቸው የከፋይ ጃንጥላ ማስገባታቸውን አነበበ፤ የእናትየዋንና የልጁን የክርስትና ስም ጠራ። ያኔ ገባኝ። ያንን ስም ከቤታችን ሰውና ከንስሐ አባታችን በቀር የሚያውቀው የለም። ስሙ ተጠራ፤ ስለቷም ደረሰ፤ ልጇም አልተጋለጠም። ጉድ ነሽ እማዬ! ደስታዬን አልቻልኩትም፤ እልልታዬን አቀለጥኩት። ወንድሜም ከሕዝቡ ጋር አጨበጨበ።

ሌሎች ስለቶች ተነበቡ። ወንድሜ ሰዓቱን አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"የእማዬ ገና ነው እንዴ? ረዘመብኝ።"

የገዛ የክርስትና ስሙን አላወቀውም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ለእሱ ስትጸልይ የምትጠራው ያንን ስም ነው። ምን ብዬ እንደምነግረው ሳስብ ዘወር ስል፣ እማዬ ከኋላችን ቆማለች። ሰምታዋለች።

"አለፈ፣ ልጄ" አለችው። "ያጨበጨብክለት ያንተ ነበር።"