እትዬ ውዱ ያላገኟቸው ሰዎች

በሕይወቴ አንድ መጽሐፍ ጀምሬ አልጨረስኩም። ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ የእትዬ ውዱ ነው።

በ1973 ዓ.ም. በመምህርነት ተመድቤ ደባርቅ ስገባ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስና ሦስት ባዶ ደብተር ይዤ ነበር። ደብተሮቹ ለልቦለድ ነበሩ። አስቂኝ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ! ወይዘሪት ስጦታ የምትባል የግል መርማሪ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ሽጉጥ ታጥቃ፣ ወንዱን ሁሉ በጥፊ እያላጋች አዲስ አበባ ውስጥ ሌባ ትይዛለች። የግል የሚባል ነገር ሁሉ በተወረሰበት ዘመን የግል መርማሪ መፍጠሬ ራሱ ቀልድ ነበር፤ ያኔ ግን አልታየኝም።

የተከራየሁት ክፍል ከመናኸሪያው ጀርባ፣ እትዬ ውዱ ግቢ ውስጥ ነው። እትዬ ውዱ ጠላ ሻጭ ናቸው። ሃምሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከደጃቸው ሲጣሩ ገበያ ያለው ሰው የሚዞር። ሁለት ባል አግብተው ሁለቱንም ያባረሩት ራሳቸው ናቸው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረዋል፤ ማንበብ ግን ስለሚያደክማቸው ከሰዓት በኋላ እሳቸው ጌሾ ሲወቅጡ እኔ የጻፍኩትን አነብላቸው ነበር።

"ይቺ ስጦታ ሽጉጡን ምን ታደርግበታለች?" አሉኝ የመጀመሪያው ቀን።

"ሌባውን ልታስፈራራበት ነዋ።"

"ከፈራማ ይሸሻል። ሌባ የሚያዘው ሳይፈራ ነው። ሽጉጡን ተቀበያትና አንድ እንስራ ጠላ ስጫት።"

ተቀየምኩ። እኔ ኮሌጅ የበጠስኩ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ማን ናቸው?

ማን እንደሆኑ ያወቅሁት በክረምቱ ነው። በዚያ አገር ከብት ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል ሕዝቡ አውጫጭኝ ይቀመጣል። አውጫጭኝ ላይ ማንም ተነሥቶ "እገሌ ነው" አይልም። ያየ ሰው ያየውን ለአንድ ለታመነ ሰው በጆሮው ይነግራል፤ የታመነውም ሰው ሸንጎው ፊት "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። የወፎቹ ሁሉ ማረፊያ የእትዬ ውዱ ጆሮ ነበር። ወፍ የታጣ ቀን ደግሞ ራሳቸው ወፍ ይሆናሉ።

ለምሳሌ የመሪጌታ ተክለ ማርያም ጃንጥላ ጠፋ። እትዬ ውዱ ማንንም አልጠየቁም፤ "ዝናብ ይምጣ" ብለው ጠበቁ። በዘነበ እሑድ ማልደው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሙ። ሰው ሁሉ በስብሶ ሲገባ አንድ ሰው እግሩ በጭቃ ተለውሶ ትከሻው ደረቅ ሆኖ መጣ። ጃንጥላውን ሃምሳ እርምጃ ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቆት ነበር። ሰውየው የመሪጌታ ሚስት ወንድም ነበር። ያን ቀን ሳልናገር የስጦታን ሽጉጥ ሰረዝኩ። በአራተኛው ደብተር ስጦታ ደባርቅ ገባች፤ በስድስተኛው ጠላ መጥመቅ ጀመረች።

መንግሥት አውጫጭኝን የፊውዳል ቅሪት ነው ይል ነበር። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ያርጋል ግን በጉ ሲጠፋበት ቅሪቱን ይፈልገዋል።

እትዬ ውዱ የሚፈሩት ሰው አልነበረም። ከልባቸው የሚወዷት ግን አንዲት ሴት ነበረች፦ ሸክላ ሠሪዋ ጥሩዬ። ጥሩዬና ባሏ ታገኘ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ በዳባት መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሚያስኬድ መንደር የሚኖሩ ቤተ እስራኤል ናቸው። አገሩ በሌላ ስም እየጠራ፣ ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሻቸው ነበር፤ በእነሱው ገንቦ ጠላ እየጠጣ። ጥሩዬ በሕጓ የእኛን ምግብ አትቀምስም፤ እትዬ ውዱም በሕጋቸው የእሷን ሥጋ አይነኩም። ስለዚህ ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይበሉ ሳይጠጡ፣ ግማሽ ቀን ያወራሉ። አንድ ጠብ ነበራቸው። ጥሩዬ ለሸክላው አፈር ልትነፋበት የእትዬ ውዱን የዱቄት ወንፊት ተውሳ ሦስት ዓመት ሞላት።

"ወንፊቴስ?" ይላሉ እትዬ ውዱ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት።

"ነገ! ነገ ቅዳሜ ካልሆነ።"

ሰላምታቸው ይኸው ነበር። ቅዳሜ ሰንበቷ ነው፤ ዕቃ አትሸከምም። በሌሎቹ ስድስት ቀናትም አልተሸከመችውም።

በ1976 በፋሲካ ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ደጁ ላይ ፈተና ሳርም ጥሩዬ መጣች። አዲስ ገንቦ አስቀመጠች፤ ገብታ ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር ሰቀለች፤ ከእትዬ ውዱ ጋር አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ቆዩና ሄደች። ዐይኔን አንሥቼ አይቻለሁ። አይቼም ወደ ፈተናዬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጓድ ያርጋል ሁለት ሚሊሺያ አስከትሎ ከተፍ አለ። የጥሩዬ ቤት ባዶ ነው። ባልና ሚስት፣ አራት ልጆች፣ አሮጊቷ እናቷ የሉም። ወደ ሱዳን የሚኮበልል ሁሉ እንዲያዝ ከበላይ ትእዛዝ ነበር፤ ከተያዙት መካከል ሳይመለሱ የቀሩ እንዳሉ ሁላችንም ሰምተናል። አሮጊትና ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰውን ደግሞ ባለ በቅሎ ሚሊሺያ በሁለት ቀን ይደርስበታል፤ መንገዱን የሚነግረው ካገኘ።

"እትዬ ውዱ፣ ወዴት ሄዱ?" አለ።

"አንተ ያርጋል..."

"ጓድ ያርጋል ይበሉኝ።"

"ጓድ ያርጋል፣ ንፍጥህን የጠረግሁልህን ሴትዮ ደጅ ላይ አቁመህ ነው የምታናግረኝ? ግባ!"

ገባ። እትዬ ውዱ ግድግዳውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ "የጥሩዬ ዘመዶች ስሜን ተራራ ላይ ናቸው፤ አምባራስን አልፎ። ሰው ሲጨንቀው ደግሞ ወደ ዘመዱ ነው" አሉ። ያርጋል ለመሄድ ሌላ ቃል አላስፈለገውም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔን ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረገኝ።

ወደ ተራራው ወጣን። እትዬ ውዱ ዱላቸውን ይዘው ከፊት፤ በየግማሽ ቀኑ ጎንበስ ብለው የሸክላ ስባሪ ያነሣሉ። "ይሄ የጥሩዬ እጅ ነው" ይላሉ። እኔም ሰዓቱን ጠቅሼ እጽፋለሁ። በሦስተኛው ቀን አምባራስ ስንደርስ ያርጋል አዲሱ የቆዳ ጫማው እግሩን ልጦት በበቅሎ ተጭኖ ነበር፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እንኳ ሣር መንቀላቸውን ትተው አዩት። ሁለት ቀን ተጉዘን ደግሞ ደረስጌ ደረስን። ጥሩዬ የለችም። በየስብሰባው እግዚአብሔር የለም እያለ ያስተማረን ጓድ ያርጋል ደረስጌ ማርያም ደጃፍ ላይ ቆመና፣

"እዚህ ይማሉልኝ!" አላቸው።

እትዬ ውዱ ነጠላቸውን አጣፉ። "ጥሩዬ ወዴት እንደምትሄድ አንዲት ቃል አልነገረችኝም፣ ማርያምን!"

በአሥረኛው ቀን ደባርቅ ተመለስን። ያርጋል አውጫጭኝ አስቀመጠ፤ አገር ተሰበሰበ። "ወፍ አለች ወይ?" ተብለው እትዬ ውዱ ተነሡ። እንደዚያ ቀስ ብለው ሲነሡ አይቼ አላውቅም።

"ወፍ የለም" አሉ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሸንጎው ሁሉ። ስማቸው በዚያው ወፍ የለም ሆኖ ቀረ። ጠላ ሊጠጣ የሚመጣው ሁሉ "ወፍስ የለም፤ ጠላ አለ?" እያለ ይገባል። በሬ የጠፋበት ሰው በደጃቸው አልፎ ዳባት ጠንቋይ ዘንድ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት ያከበራቸው አገር በአንድ ቀን ረሳቸው። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፤ በአገሩ ሳይሆን በእሳቸው። ስምንተኛው ደብተሬ ውስጥ የማትሸነፍ ሴት ነበረችኛ!

"እንዴት አንድ ቤተሰብ ያጣሉ?" አልኳቸው አንድ ከሰዓት። አፌን ቢቆርጡኝ ይሻል ነበር።

ሙቀጫውን ትተው በጣታቸው ግድግዳውን አሳዩኝ። ታጥቦ የነጣ ወንፊት ተሰቅሏል።

"አይ አንቺ መምህርት! ስምንት ደብተር ጽፈሽ ይሄን አላየሽም? ሦስት ዓመት ስለምናት ያላመጣችውን ሳልጠይቃት አምጥታ ሰቀለችው። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ላይመለስ ሲሄድ ነው። እኛ ተራራ ስንወጣ እነሱ በድብ ባሕር በኩል ወደ ሱዳን ቆላ ወርደዋል። ወንፊቱን ሳየው ያኔውኑ አወቅሁ።"

"ስባሪዎቹስ?"

መቀነታቸውን ፈቱና አንድ እፍኝ የሸክላ ስባሪ ጭኔ ላይ ጣሉ። የራሳቸውን አሮጌ ገንቦ ሰብረው ይዘው ኖሯል የወጡት። እውነትም የጥሩዬ እጅ ነበር። እኔም ከነሰዓቱ መዝግቤዋለሁ።

ከዚያ አለቀሱ። ስለ ስማቸው መስሎኝ ላጽናናቸው ስጀምር እጄን ገፉት። "ስሜን ምን ላድርገው? ይደርሱ ይሆን? እሱን ንገሪኝ!" አሉ። ዐይናቸውን ጠርገው ወደ ሙቀጫቸው ተመለሱ።

"ይሄን እንዳትጽፊው።"

"መቼ ልጻፈው?"

"ሲደርሱ።"

ስጦታን እዚያው አቆምኳት። ስድስት ዓመት የቀበሌው ሰው ሲቀልድባቸው እየሰማሁ፣ ሁሉን እያወቅሁ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

በ1982 ሸጋው የሚባል የጥሩዬ የእኅት ልጅ ከዳባት መጣ። እሱም እንደ እነሱ ወደ እስራኤል ሊሄድ ነው፤ አሁን መንገዱ በአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሆኗል። የጥሩዬን ደብዳቤ ይዟል። ላንብብልዎት ብል እትዬ ውዱ ከለከሉኝ። ፊደል በፊደል፣ ድምፅ እያሰሙ፣ ከሰዓቱን ሙሉ አነበቡት። "ደርሰናል። እናቴን መንገድ ላይ ቀበርናት። ልጆቹ ደኅና ናቸው። ውዱዬ፣ ወንፊቱ ገብቶሽ ነበር?"

መልሱን በገዛ እጃቸው ጻፉ። ፊደላቸው ወፍራም፣ እንደ ጌሾ እንጨት ወዲህና ወዲያ የወደቀ ነበር። "ገብቶኝ ነበር። ግን ቀደሽው ነው የመለስሽው። አስጠግኜ መልሼ ልኬልሻለሁ። ውሰት ነው፤ ስትመጪ መልሽልኝ።"

ወንፊቱን ከግድግዳው አውርደው ለሸጋው ሰጡት።

"እትዬ፣ እዚያ እኮ ወንፊት አለ" አለ ግራ ገብቶት።

"የኔ የለም።"

መልሱ በዓመቱ መጣ። ያኔ ዐይናቸው ደክሞ ስለነበር እኔ አነበብኩት። ከሰላምታው ቀጥሎ አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ "ወንፊቱ ደርሶኛል። ነገ አመጣዋለሁ፤ ነገ ቅዳሜ ካልሆነ።"

እትዬ ውዱ ሳቁ። ገበያ ያለው ሰው እስኪዞር ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና፣ "በይ አሁን ጻፊው" አሉኝ።