ድምፄ ሲዘጋ የቀረፅኩት ትምህርት

ጉሮሮዬን ያየልኝ ሐኪም ወጣትና ትሑት ነው፤ ያን ቀን ብጠላው ግን አይፈረድብኝም። «መጮህ ካላቆሙ ድምፅዎ ጨርሶ ሊሄድ ይችላል። ለሁለት ወር ቀስ ብለው፣ ያውም በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ያወራሉ» አለኝ። የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት እንደሆንኩ፣ አምስት ክፍል እንደማስተምር፣ በየክፍሉ ስልሳ ልጅ እንደሚጠብቀኝ ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀና ወረቀቱን ጻፈልኝ።

ወረቀቱን ለርእሰ መምህራችን ወስጄ ሰጠሁት። በዕድሜ ልጄ ቢሆን የሚያምርበት ሰው ነው። አነበበና፣ «ቲቸር፣ ለጊዜው ቤተ መጻሕፍት ቢያርፉስ? እዚያ ጩኸት የለም» አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም። እኔ ግን የእኛን ቤተ መጻሕፍት አውቀዋለሁ። «ለጊዜው» ተብሎ የገባ መምህር ተመልሶ ጠመኔ ሲይዝ አይቼ አላውቅም፤ ከዚያ የሚወጣው ወደ ጡረታ ነው። ጎረቤቶቼ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ አጽናኑኝ። ለእነሱ ምን አለባቸው! እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት በመናገር ነው። ፈራሁ፤ ቤቴ ገብቼም አለቀስኩ።

በክረምቱ ሥልጠና ላይ ስለ ቪዲዮ ትምህርት ብዙ ተነግሮን ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ያኔ ጥግ ይዤ ዳንቴሌን ስሠራ ነበር። ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ ንቄው ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው፤ ስልኬን ይዤ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ጎረቤቴ የቤተ ክርስቲያኗን መዘምራን እየቀረፀች ዩቲዩብ ላይ የምትጭን ወጣት ናት።

«እትዬ፣ ይሄማ ቀላል ነው! ስልኩን ጠጋ አድርገው በቀስታ ያውሩ። ድምፁን እኔ አጎላዋለሁ» አለችኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አንድ ጊዜ በቀስታ የተናገርኩት ለአምስቱም ክፍል ይበቃል ማለት ነው። ሐኪሙም ተስማማ። ርእሰ መምህሩ ግን፣ «እሺ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቼ ልይ። ቪዲዮው ልጆቹን መያዝ ካልቻለ ግን የዝውውሩን ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ» አለ።

ቀረፃው በራሱ አንድ ጣጣ ነበር። ከግድግዳዬ ማዶ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ይቆርጣል፣ ይበይዳል። ዝም የሚለው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ሰፈርተኛው መብራት ጠፋ ብሎ ሲያማርር፣ እኔ እልል ማለት እያማረኝ ስልኬን ይዤ እሮጣለሁ። ትልቅ ወረቀት ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፌ፣ ማርከሬን ይዤ፣ ምግብ ከአፍ ተነሥቶ አንጀት እስኪደርስ ያለውን ጉዞ ለስልኬ አስተማርኩት።

ጎረቤቴ ቆራርጣና ቀጣጥላ ስታመጣልኝ፣ በምግብ ቧንቧው ላይ ጽጌረዳ አበባ ይዘንባል።

«ምንድነው ይሄ?»

«እንዳይደብራቸው ብዬ ነው እትዬ። መዝሙር ላይ ሰው ይወደዋል።»

አበባውን አስወጣን። ከዚያ በላይ ለማየት ግን አቅም አጣሁ። ድምፄ ጉንፋን የያዘው አውራ ዶሮ ይመስላል፤ ሦስተኛዋ ደቂቃ ላይ አፍሬ ዘጋሁት። የቀረውን ሳላይ «ይበቃል፣ እንዲሁ ይሁን» አልኳት። ለክፍል የሚሆን የመዘምራኑን ድምፅ ማጉያ አዋሰችኝ፣ «ተባረኩ» ብላም ሸኘችኝ።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ የመጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ጉልበቱ አልገባ ብሎት ከልጆቹ ጋር ተጣቦ ተቀመጠ። የትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር በራ። ግድግዳው ላይ እኔ ወጣሁ። ልጆቹ ትንሽ ሳቁና ጸጥ አሉ። ጥርሱ፣ ምራቁ፣ ቧንቧው በሰላም አለፈ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለሁት እኔ ጨጓራ ልሥል ጀርባዬን ሰጠሁ።

መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጀርባ የሰጡት ክፍል ያወራል። እነዚህም ፊት ለፊታቸው ቆሜ እያዩኝ፣ የግድግዳዋ መምህርት ዞራለች ብለው ጀመሩ። መጀመሪያ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ሳቅ፣ ቀጥሎ ክፍሉ ገበያ ሆነ። ልጩህ ብል ተከልክያለሁ። በዓይኔ ብቆጣ የሚያየኝ የለም። ርእሰ መምህሩን አየሁት፤ እሱም ስልኩን አውጥቶ ዴስኩ ሥር አጎንብሷል። አለቀልኝ አልኩ። ቤተ መጻሕፍቱ አቧራው ሳይቀር ታየኝ።

ይሄኔ ከድምፅ ማጉያው የራሴ ድምፅ አንባረቀ።

«ከኋላ ያላችሁ፣ አየኋችሁ! አስቀምጡት ያንን!»

ለካ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ፊት ቆሜ፣ ጨጓራ እየሣልኩ ተቆጥቻለሁ! ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሳልዞር ይህን ማለት የሃያ ሁለት ዓመት ልማዴ ነው፤ አፌ እኔን ሳያማክር ብሎታል። ክፍሉ ጸጥ እረጭ አለ። ርእሰ መምህሩ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ወሽቆ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከጎኑ ያለችው ልጅ አይታው ኖሮ አፏን ያዘች፤ ከዚያ ሳቁ ከኋላ እስከ ፊት ተዛመተ። እሱም ሳቀ፣ ጆሮው እስኪቀላ። የግድግዳዋ መምህርት ምንም እንዳልተፈጠረ ጨጓራዋን ሥላ ጨረሰች፤ እስከ መጨረሻው ያወራ ልጅ አልነበረም። በኋላ ጎረቤቴን ለምን እንዳልቆረጠችው ብጠይቃት፣ «የትምህርቱ ክፍል መስሎኝ ነዋ!» አለችኝ።

ቪዲዮው ሲያልቅ ርእሰ መምህሩ ወደ ፊት መጣ።

«ቲቸር፣ እስኪድኑ በዚሁ ይቀጥሉ» አለኝ፤ ልጆቹ እየሰሙ። «ለቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ሰው እንፈልጋለን። ስለ ስልኩም ይቅርታ።»

ላመሰግነው አፌን ከፈትኩ። ሐኪሙ የፈቀደልኝ ጥቂት ደቂቃ ነበረችኝ፤ ግን እንባዬ ቀደመኝ። ጠመኔ አንሥቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩና በትልቁ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ጻፍኩ። የእኔ ልጆች ሰሌዳ ላይ የተጻፈን ነገር ሁሉ አብረው ማንበብ ልማዳቸው ነው። ስልሳዎቹም በአንድ አፍ፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ ድረስ ጮኹልኝ።