ሆን ብዬ ያላጠበቅሁት ሽቦ

ለነፍስ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ። መስከሬን፣ ጾም መሻሬን፣ ሚስቴን መበደሌን ሳይቀር። ይህችን ግን ለእሳቸውም፣ ለሚስቴም፣ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። በየዓመቱ ተንበርክኬ አንገቴን ስደፋ እስከ ምላሴ ጫፍ ትመጣለች፣ እኔ መልሼ እውጣታለሁ። የታዘዝኩትን ስግደት ሰግጄ፣ ያልተፈታሁ መሆኔን እያወቅሁ ወደ ቤቴ ስመለስ ኖሬአለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ስሙን እናንተ አውጡለት።

መሐል ሜዳ ከተማ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበርኩ። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የወረዳችን የኪነት ቡድን እንደገና ተቋቋመ። ካለፈው ጊዜ የተረፈች አንዲት ቤዝ ጊታር ነበረችው፤ የምንጫወታት ሁለት ነን፣ ደምሰውና እኔ። ደምሰው ጓደኛዬ ነው፤ የመምሬ ኃይሌ ልጅ፣ ድቁናውን ትቶ የወጣ። መደበቁ ምን ያደርግልኛል? ከእኔ እጅግ ይበልጥ ነበር። እኔ በልቤ እየቆጠርኩ የምመታውን እሱ ከሰው ጋር እያወራ ይመታዋል።

አባቱ ልጃቸው ከቅዳሴ ወጥቶ ከዘፋኝ ጋር መቆሙን ሊቀበሉት አልቻሉም። አንድ እሁድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ሳለ፣ ደጁ ላይ አስቆሙት።

«ለእግዜር የነሳኸውን ድምፅ፣ እግዜርም በሰው ፊት ይንሳህ!» አሉት።

እኛ አገር የአባት እርግማን፣ ያውም የቄስ አባት፣ ቀልድ አይደለም። ደምሰው ሳቅ ብሎ አለፈ። አጠገቡ ስለነበርኩ ግን ፊቱ ሲገረጣ አይቻለሁ።

በዚያው ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ለዞኑ ቡድን ቤዝ ተጫዋች ሊመረጥ ነው ተባለ። ከእኛ የሚፈተነው ደምሰው፣ ተጠባባቂው እኔ። ጊታሯ ግን ታማለች። ከክሮቹ ሥር ተቀምጠው ድምፁን የሚለቅሙት ማግኔቶች አርጅተው ድምጿ ሰልሏል። አዲስ ማግኔት ከአዲስ አበባ መጣና ሽቦዋን ጭምር እንድቀይር ለእኔ ተሰጠኝ።

ሆዷን ከፍቼ አሮጌውን ሁሉ ነቀልኩ። ሥራውን ወድጄ ነበር የሠራሁት፣ ይህ ነው ይበልጥ የሚያሳፍረኝ። ማግኔቶቹን በልካቸው አስገባሁ፣ ሽቦዎቹን በየቦታቸው በየድኩ። ወደ ድምፅ ማጉያው ገመድ መሰኪያ የምትሄደው አንዲት ሽቦ ብቻ ቀረች። እዚያ ላይ ቆም አልኩ። ለምን እሱ? ለምን ሁልጊዜ እሱ? አልኩ። ከዚያም ሽቦዋን ሳልጠመዝዝ፣ በደንብ ሳላግል፣ የቀለጠውን የብየዳ ሊድ ከላይ ጠብ አደረግሁባት። ላየ ሰው የተበየደች ትመስላለች፤ አልያዘችም። ገመዱ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ክብደቱ መሰኪያውን እየሳበ ያላቅቃታል። ገመዱን ሽቅብ አዙሮ በማንገቻው ውስጥ ያሳለፈ ሰው ግን ምንም አይሆንም። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ ሰክሬ አልነበረም፣ ማንም አልገፋፋኝም። እኔ ነኝ ያደረግሁት።

ደምሰው ቁጭ ብሎ ሞከራት፤ ገመዱ ጭኑ ላይ ስለተኛ ጮኸች።

«እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ» አለኝ።

ፈተናው ላይ ቆሞ መጫወት ጀመረ። የመጀመሪያውን ዘፈን ሲጨርስ ፈታኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁለተኛው ላይ፣ መሐል ላይ፣ ጊታሯ ጭጭ አለች። ጣቶቹ ይሮጣሉ፣ ድምፅ የለም። ቁልፎቹን ነካካ፣ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ትንሽ ጮኸች፣ መልሳ ዝም አለች። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ።

«ሌላ ተጫዋች የላችሁም?» አሉ ፈታኞቹ።

ወጣሁ። ያችኑ ጊታር ከእጁ ተቀበልኩ። ገመዱን ሽቅብ አዙሬ በማንገቻው ውስጥ አሳለፍኩና መታሁ። ጥርት ብላ ጮኸች። እኔን መረጡኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ደምሰው ወደ እኔ ዞረና፣

«ጊታሯ ምንም አልሆነችም። ባንተ እጅ ጮኸች እኮ። የአባባ ቃል ነው የደረሰብኝ» አለ።

እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ያኔ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «እንጃ» አልኩ። ከሥራዬ ሁሉ ይህችን ቃል አብልጬ እጸየፋታለሁ።

በሳምንቱ ደምሰው ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከአባቱ ደጅ ተንበረከከ። ጓደኛው ነኝና ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሜአለሁ። ድንጋዩ ከባድ ነበር፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታትሯል።

«አባባ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩኝ» አለ።

መምሬ ኃይሌ እያለቀሱ ድንጋዩን አወረዱለት፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። እኔም ከሰው ጋር «አሜን» አልኩ። እሱ ምን በድሎ ነው የተሸከመው? እኔስ በየትኛው አፌ ነው አሜን ያልኩት?

ደምሰው ወደ ቀየት ገጠር ወርዶ ገብስ እያረሰ ቀረ። እኔ በእሱ ቦታ ዓመታት ተጨበጨበልኝ። መምሬ ኃይሌ ከዚያ ወዲያ ልጆች ሊመረቁ ሲቀርቧቸው እንኳ «አፌ ልጄን ጎድቶታል፣ ሌላ ቄስ ፈልጉ» ይሉ ነበር አሉ። እንዲሁ እንዳዘኑ ሞቱ። የሽማግሌውን ምርቃት ሳይቀር እኔ ነኝ የነጠቅሁት።

አምና ቀየት ገበያ ላይ ደምሰውን አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ። ልጁ ትርንጎ ድምፅ እንዳላት፣ አስተማሪዎቿ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ፈልገዋት እንደከለከላት አጫወተኝ።

«ከእኛ ቤት ዘፈን አልተፈቀደም። ያኔ ባንተ እጅ አሳይቶኝ የለ?» አለኝ።

ልጅቷ አጠገቡ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ያኔም እውነቱን ሳልነግረው ተሰናብቼ ሄድኩ። እምነቱን እንዳላፈርስበት ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። ውሸት ነው። የፈራሁት ዓይኑን ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ እስከ ደጁ ሄጄ፣ ውሻው ሲጮህብኝ ተመልሻለሁ።

ማሩኝ አልልም። ደምሰውን የምታውቁ ካላችሁ ይህን አንብቡለት። እኔን ይርገመኝ፣ ልጅቷን ግን ይተዋት፣ ትዝፈን።