እህቴና የኢንስፔክተሩ ካፖርት

ታላቅ እህቴ ላውንደሪ አላት። ላውንደሪ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ማጠቢያ ማሽን፣ አንድ ካውያ፣ ከካውያው የባሰ የሚያቃጥል አንድ ምላስ። ምላሱ የእሷ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «እቴቴ» ይላታል፣ ባሏ ሳይቀር።

ያ የፖሊስ ድራማ ሲጀመር ልጇ ትድህ ነበር። ልጅቷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት። የኢንስፔክተሩን አመድማ ካፖርት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምታጥበው እቴቴ ስለሆነች፣ የሚመጣውን ክፍል ከሕዝቡ ቀድማ የምታውቀውም እሷ ነበረች። ክርኑ ላይ ጭቃ ካየች «ሰኞ አጥር ይዘላል» ትለናለች፤ ይዘላል። ኮሌታው ላይ የከንፈር ቀለም ያገኘች ጊዜማ ሰፈሩ ሥራ ፈቶ ሲያማ ከረመ።

እሷን የሚያናድዳት ግን ሌላ ነው። ሰውዬው እናቱ ቤት በገባ ቁጥር ካፖርቱን ወንበር ላይ ይወረውራል።

«መስቀያው አፍንጫው ሥር ነው» ትለዋለች ቴሌቪዥኑን። «ሌባ ለማየት ዓይን አለው፣ መስቀያ ሲሆን ይታወራል።»

የመጨረሻው ክፍል ቀረጻ ሲጋመስ የድራማው ሾፌር ካፖርቱን ይዞ መጣ። ግራ ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ደም አለ።

«እቴቴ፣ ኪሱ ተቀዷል፣ እሱን ብቻ ስፊልን። ደሙን እንዳትነኪው። መንገድ ላይ ሲመታ ቀርጸናል፤ ነገ እናቱ ደጃፍ ወድቆ ይሞታል።»

«ይሞታል?»

«ይሞታል። ለማንም እንዳትናገሪ።»

አልተናገረችም። ኪሱን ሰፋች። ሻይ ቀረበላት፣ አልነካችውም። ባሏ «ዘመድ ሞተብሽ እንዴ?» ሲላት «ዝም በል» አለችው፤ በእሷ ቋንቋ ይህ ለቅሶ ነው።

በማግስቱ ሾፌሩ የተጠቀለለውን ካፖርት ሳይፈታ ወሰደ። ወደ ማታ ዳይሬክተሩ ደውሎ በስልኩ ጮኸባት። ሸሚዜ እስኪተኮስ የምጠብቀው እኔ እንኳ፣ በር ላይ ሆኜ ጆሮዬን ያዝኩ።

«ደሙ የት ሄደ?»

«የቱ ደም?»

«ሴትዮ፣ የደረቱ ደም።»

«እሱማ ስኳር አለው፣ ልጄ። ጉንዳን ወረረው። ጉንዳን እያየሁ ዝም ልበል?»

የደሙ ቀለም አልቋል፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ተዋናዩ ነገ ሌላ አገር ይሄዳል አለ። ዳይሬክተሩ ሁለተኛ ሥራ እንደማይሰጣት ምሎ ዘጋው።

«ድራማው አለቀ አይደል? የምን ሥራ ሊነሳኝ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ካውያውን አስቀመጠች። «ቢገድሉትስ? ያለ ደምም ቢሆን ቢገድሉትስ?»

ባሏ ከጓዳ ብቅ አለ። «እቴቴ፣ እውነቱን። አውቀሽ ነው?»

«እጄ ነው ያጠበው።»

«እጅሽ ለብቻው ውሃ ቀድቶ፣ ለብቻው ሳሙና መርጦ?»

«ለምዶበታል።»

የመጨረሻው ክፍል የታየ ዕለት ሰፈሩ እሷ ሳሎን ታጨቀ። ጥርስ ሐኪሙ ጎረቤታችን ቦታ ቢያጣ የልብስ ቅርጫት ገልብጦ ተቀመጠ። ኢንስፔክተሩ መንገድ ላይ ተተኮሰበት። ደሙ በጣቶቹ መሐል ወረደ። እቴቴ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ የእናቱ በር ተከፈተ። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ካፖርቱ ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል።

«ተመቷል ብለውኝ ነበር» አሉ እናቱ።

«ስቶኝ ነው፣ እማዬ።»

«እንዴ፣ ቅድም ያየነው ደምስ?» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«ዝም በል» አለው ሰፈሩ ባንድ አፍ።

እቴቴ ዓይኗን ገለጠች። ኢንስፔክተሩ ካፖርቱን አወለቀ። ወደ ወንበሩ ሄደ። ሊወረውር እጁን አነሳና ቆም አለ። ዞሮ መስቀያው ላይ ሰቀለው፤ ትከሻውንም በመዳፉ ደልደል አደረገለት።

እህቴ በመሐረብ አፍንጫዋን ጠረገች።

«በቃ» አለች። «አሁን ጡረታ ይውጣ። ሰው ሆኗል።»