ባና የለበሰው አስፋልት

ባሌ ወዳጆ ጠዋት ሲነሣ «እንዴት አደርሽ» የሚለው እኔን አይደለም፤ አስፋልቱን ነው። እውነቴን ነው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እግዜር የሰጠውን ሚስቱን አልፎ ሄዶ ለሬንጅ ሰላምታ የሚሰጥ ወንድ በመንዝ ምድር ከሱ በፊት ተፈጥሮ እንደሆነ እንጃ።

አንዳንዴ አልፈርድበትም። ዕድሜውን የገፋው መንገድ ላይ ነው። ጎረምሳ ሳለ ጠጠር ተሸከመ፤ ኋላ ሬንጅ እያፈላ ጉድጓድ ደፋኝ ሆነ። በጋ የደፈነውን ክረምት ይከፍትበታል፣ እንደገና ይደፍናል። አምና ፅዮን የምትባል መሐንዲስ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከዘመሮ መውጫ ላይ አጭር የሙከራ አስፋልት አነጠፈች። ሲሰነጠቅ ፀሐይ ታሞቀውና ሬንጁ ለስልሶ ስንጥቁን ራሱ ይገጥማል አሉ። የመንዝን ውርጭ ከቻለ የትም ይችላል ብላ ነው እዚህ ያመጣችው። ወዳጆን ጠባቂ አደረገችው፤ ስንጥቅ ባየ ቁጥር ይደውልላታል። በቃ፣ ባሌን ያጣሁት ያን ቀን ነው።

ራት ላይ ወሬው ስንጥቅ ነው። የቤታችን ግድግዳ ተሰንጥቆ ብርዱ ጎኔን ሲበላኝ ዞር ብሎ ያላየ ሰው፣ እንደ ፀጉር ለቀጠነች የአስፋልት ስንጥቅ እንቅልፍ ያጣል። የነፍስ አባቴ ቅናት አጥንት ያነቅዛል ብለው መክረውኛል፤ አልተወኝም። ፅዮን አለች፣ ፅዮን ደወለች ሲል ደግሞ አንጀቴ ያራል።

ኅዳር ላይ ሌሊት የምለብሰው ባናዬ ጠፋ። እናቴ የበግ ጠጉር ፈትላ ለሠርጌ ያሠራችልኝ ባና ነው። ወይ ጉዴ፣ ለዚያች ልጅ ሰጣት አልኩ። መቀነቴን አጥብቄ ለጠብ ወጣሁ። ስደርስ ባናዬ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ድንጋይ ተጭኖ፣ ውርጭ ነጭ አድርጎታል። ወዳጆ አጠገቡ ቁጭ ብሏል። ቅዝቃዜው ስንጥቋን እያሰፋባት ነው፣ ቀን የያዘችውን ሙቀት ይጠብቅላት ብዬ ነው አለኝ። ለሴት ሰጥቶት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሴት ፀጉሯ ይያዛል፤ አስፋልት ምኑ ይያዛል?

ፅዮን ስትመጣ ይህንኑ ሳይደብቅ ነገራት። አልተቆጣችም።

«ጋሼ ወዳጆ፣ እኔ ማየት የምፈልገው ያለ ማንም እርዳታ መዳኗን ነው። ሁለተኛ እንዳይሸፍኗት» አለችው።

ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። እሱ ግን አንገቱን ደፋ። ዕድሜ ልኩን የደፈነው ሁሉ ተከፍቶበት፣ አንዲት ነገር እንኳ ተዘግታ ልያት ብሎ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መደቡ ባዶ ነው። ደሜ ፈላ። ከአስፋልቱ ያስመለስኩትን ባናዬን ይዤ ሄድኩ። ከስንጥቁ አጠገብ ኩርምት ብሎ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አስፋልቱን መሸፈን ተከልክሏል፤ ጠባቂውን መሸፈን የከለከለ የለም። ባናውን ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት። ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ።

«እንዴት አደርሽ፣ ጌታነሽ?» አለኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ። የባናውን ጫፍ ቀስ አድርጎ ወደ ስንጥቁ ሲጎትት ግን እጁን ቸብ አደረግኩት።